የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስንት ዓመት ይቆያል?

ብዙ ተማሪዎች የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሥልጣን ዘመን በሕግ የተወሰነ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ምርጫው ቢዘገይ በየ5 ዓመቱ ይደረጋል እንጂ፣ የፓርላማው አመኔታ እስካልተለየው ድረስ ሹሙን የሚያስወጣው ገደብ የለም። ሰር ሮበርት ዋልፖል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1721 እስከ 1742 ቆይተዋል፤ በ2022 የተሾሙት ሊዝ ትረስ ግን 50 ቀን እንኳ አልሞላቸውም።

እኛን ይልቁን የሚያስደንቀን የወይዘሮ ታቸር አወዳደቅ ነው። ሦስት ምርጫ በተከታታይ ያሸነፉት እኒህ ሴት በኖቬምበር 1990 የገዛ ፓርቲያቸው እንደራሴዎች በሰጡት ድምፅ ተፎካካሪያቸውን 204 ለ152 በለጧቸው። ሆኖም የፓርቲው ደንብ ከዚያ የሰፋ ብልጫ ይጠይቅ ስለ ነበር 4 ድምፅ ጎደላቸው። ሕዝቡን የጠየቀው አልነበረም። ወይዘሮዋ ለሁለተኛው ዙር ቆርጠው ሳለ ሚኒስትሮቻቸውን በየተራ እያስገቡ ቢያነጋግሩ፣ አብዛኞቹ እንደማያሸንፉ ነገሯቸው። በማግሥቱ ጠዋት መልቀቃቸውን አስታወቁ።