«ጉንፋን ነው» ስንል

አፍንጫው የሚንጠባጠበውም ሦስት ቀን ከአልጋ ያልወረደውም «ምን ሆነህ ነው?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ጉንፋን ነው»። ከጠና «ከባድ ጉንፋን» ይባላል እንጂ ስሙ አይለወጥም። በሽታው ግን ሁለት ነው። ተራውን ጉንፋን የሚያመጡት ከ200 በላይ ቫይረሶች ናቸው፤ ትልቁን ድርሻ የያዙት ራይኖቫይረስ የሚባሉት ናቸው። ኢንፍሉዌንዛ የራሱ ቫይረስ አለው፤ በየዓመቱ ሰው የሚጥሉትም «ኤ» እና «ቢ» የተባሉት ዓይነቶቹ ናቸው።

ኢንፍሉዌንዛን አዲስ አበባ በሌላ ስም ታውቀዋለች፤ የኅዳር በሽታ። ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከተማዋን ሲመታ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ የሚያጨሰው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። (አስም ያለበት ሰው ግን ያን ቀን ቤቱን ዘግቶ ቢውል አልፈርድበትም።)

ሁለቱን ለመለየት እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «እንዴት ጀመረህ?» ብዬ ነው። ጉንፋን እያዘገመ ይመጣል። ጠዋት ጉሮሮ ይከረክራል፣ ከሰዓት ማስነጠስ ይከተላል፣ በማግሥቱ አፍንጫ ይዘጋል። ሰውየው መሀረቡን ይዞ ሥራ ይውላል፤ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜም ይለቀዋል። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ደግሞ ሰዓቱን ቆጥሮ ይነግራችኋል፦ «ምሳ በልቼ ደህና ነበርኩ፤ አሥር ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ማታ ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርቤም አልሞቅ አለኝ።» ትኩሳቱ 38 ዲግሪን አልፎ ይወጣል፤ ራስ ይፈልጣል፣ ወገብና ቅልጥም ይቆረጥማል፣ ሳሉ ደረቅ ነው። ትኩሳቱ በሦስት በአራት ቀን ቢበርድም ድካሙ ሁለት ሳምንት ሊከርም ይችላል።

ይህ መለያ ሁልጊዜ አይሠራም። ሽማግሌዎች ላይ ትኩሳቱ ላይታይ ይችላል፤ ኮቪድም አንዴ ይህን አንዴ ያን መስሎ ይመጣል፤ ቁርጡን የሚናገረው ምርመራ ነው። ወባ ካለበት አካባቢ የመጣ ሰው ደግሞ ትኩሳትና ቁርጥማት ሲይዘው «ጉንፋን ነው» ብሎ መተኛት የለበትም። ደሙን ይመርመር።

ታክሲ ውስጥ ያለው ጠብ ይገርመኛል። አንዱ መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ዝጋው እንጂ ወንድሜ፣ ብርድ ልታስመታን ነው!» ይባላል። ይዘጋል። ከዚያ በታፈነው ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ይስላል፣ ሌላው ያስነጥሳል፣ ሁላችንም ያንኑ አየር እየተቀባበልን ሜክሲኮ እንደርሳለን። ቫይረሱን የሚሰጠን ሰው ነው፤ በመስኮት የሚገባው ነፋስ እንዲያውም ያሳሳዋል። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ገና ምልክቱ ሳይታይበት ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል፤ ከታመመ በኋላም አምስት ስድስት ቀን። በእነዚያ ቀናት ጉርሻው ቢቀርብን ፍቅር ጎደለ ማለት አይደለም።

ከታክሲው ወርዶ ፋርማሲ የሚገባው ሰው «እህቴ፣ አሞክሳሲሊን አለ?» ይላል። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፤ ጉንፋንንም ኢንፍሉዌንዛንም አይነካም። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑም ብቻውን የባክቴሪያ ማስረጃ አይሆንም። ለኢንፍሉዌንዛ ኦሴልታሚቪር የሚባል መድኃኒት አለ፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በሐኪም ትእዛዝ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሲጀመር ነው። ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት፣ ሕፃን፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የአስም ሕመምተኛ ስለዚህ ቀን ባይቆጥር ይሻላል። ክትባቱም በየዓመቱ የሚወሰደው ቫይረሱ መልኩን ስለሚቀያይር ነው፤ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ፍሉ ሻት ተወጋሁ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ለሌላው ሰው ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽና ፓራሲታሞል ይበቃል። ለጉንፋን ተብለው የሚሸጡ ብዙ እንክብሎች ውስጥ ፓራሲታሞል አለና ደርቦ መዋጥ ጉበት ይጎዳል። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም። እናቴ ዳማከሴ በመዳፏ አሽታ «ሳብ አድርገው» ስትለኝ አንድ ቀን ተከራክሬያት አላውቅም። ዝንጅብል ሻይ በማር ሳል ያለዝባል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ክልክል ነው። የምፈራው የባሕር ዛፍ ቅጠሉን ድስት ነው፤ ልጅን ከፈላ ውኃ ላይ አስጎንብሶ ማጠን ጉንፋኑን ሳያድን በቃጠሎ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ሰው መቃዠት ከጀመረ ወይም «ተሻለኝ» ብሎ ከተነሣ በኋላ ትኩሳቱ ካገረሸ ወደ ሐኪም ነው። ትንሽ ልጅ ይህን አይናገርም፤ ደረቱ ይናገራል። ሳያለቅስ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ዓመት ላልሞላው 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 ከደረሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ስርጉድ ካለ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።