የኃይል ትምህርት ለሕንፃ ሥራ ሠልጣኞች ከየት ይጀመር?

ኃይል ቆጣቢ የሆነውን፣ በዛሬው አጠራር አረንጓዴ ሕንፃ የሚባለውን፣ ለመሥራት የሚሠለጥን ወጣት አስቀድሞ የኃይልን ጠባይ ሊማር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በቀመር የተጀመረ እንደ ሆነ፣ ሠልጣኙ ቀመሩን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል እንጂ ጣራ በሚያለብስበት ቀን አያስታውሰውም። ስለዚህ ትምህርቱ በቤት ከሚታወቅ ዕቃ ተነሥቶ ወደ ጣራው ቢደርስ ይሻላል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ቃሉ ራሱ ነው። በተለመደው አነጋገራችን በኪሎዋት የሚለካውንም በኪሎዋት ሰዓት የሚለካውንም «ኃይል» እንላለን። ልዩነቱን ለማስረዳት ቧንቧና በርሜል ይበቃሉ፤ ኪሎዋት ውኃው ከቧንቧ የሚወርድበት ፍጥነት ሲሆን፣ ኪሎዋት ሰዓት በበርሜሉ የተጠራቀመው ውኃ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሳያቋርጥ አንድ ሰዓት ቢሠራ ቆጣሪው 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይመዘግባል። ባለ 10 ዋት አምፖል ግን ይህንኑ ለመፍጀት 350 ሰዓት፣ ማለት በየማታው 5 ሰዓት እየበራ 70 ቀን ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው እርምጃ በዚሁ ምጣድ ፀሐይን መለካት ነው። ሰማይ በጠራ ቀን፣ ፀሐይ ከአናት በላይ ስትሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 1,000 ዋት ያህል ታሳርፋለች። እንግዲህ 50 ካሬ ሜትር ጣራ 50 ኪሎዋት ይቀበላል፤ ይህም 14 ምጣድ በአንድነት እንደ ተጣደ ያህል ነው። ከዚህ ከፊሉ ከቆርቆሮው ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ የቀረው ወደ ቤት ይገባል። ቆርቆሮ ስስ ብረት ስለ ሆነ ቀን በቶሎ ይግላል፣ ማታ በቶሎ ይበርዳል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ቆይቶ ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። ነጭ ቀለም፣ ኮርኒስ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ የሚተላለፍበት ክፍተት ለምን እንደሚጠቅሙ ሠልጣኙ ከዚህ ይረዳል።

ሦስተኛው ነገር የአገሩ አቀማመጥ ነው። ለአውሮፓ የተጻፈ መጽሐፍ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዘወትር በደቡብ በኩል ናት ብሎ ያስተምራል፤ ለዚያ አገር እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ በስተሰሜን ስለምትገኝ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰኔ አጋማሽ ከአናት ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ስለዚህ የደቡቡን መስኮት ብቻ ከልሎ ጣራውን የረሳ ሠራተኛ መጽሐፉን ተከትሎ ቤቱን ያበላሻል።

ለዚህ ሁሉ ማረጋገጫ ብዙ መሣሪያ አያሻም። ሁለት እኩል ሳጥን ቆርቆሮ ይከደን፤ በአንዱ ውስጥ ብቻ ኮርኒስ ይደረግ፤ ከታች ቴርሞሜትር ተቀምጦ ሁለቱም አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ይዋሉ። ሠልጣኙ ቁጥሩን በገዛ እጁ ይጻፍ። ቤት አንድ ጊዜ ከተሠራ ለብዙ ዘመን ይቆማል፤ የግንበኛውን አለማወቅ በየወሩ የሚከፍለው ግን ነዋሪው ነው።