ኮምፒውተር አላነብ ያለው ፍላሽ፦ የብልሽቱ ምርመራና የመረጃው ማዳኛ

በተለምዶ ፍላሽ እየተባለ የሚጠራው የዩኤስቢ ማከማቻ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ አልከፈት ሲል ብዙ ተጠቃሚዎች «ተበላሽቷል» ብለው ይደመድሙና ወይ ፎርማት ያደርጉታል፣ ወይ ይጥሉታል። ይሁን እንጂ «ተበላሽቷል» በሚለው ቃል ሥር ጠባያቸውም መፍትሔያቸውም የተለያየ በርካታ ችግሮች ይጠቃለላሉ፤ መሰኪያው ሊላላ፣ ኮምፒውተሩ ፍላሹን አውቆት መለያ ፊደል ሳይሰጠው ሊቀር፣ ቫይረስ ፋይሎቹን ሊደብቅ፣ የፋይሎቹ መዝገብ ሊፋለስ፣ ወይም መረጃውን የያዘው ቺፕ ራሱ ሊያረጅ ይችላል። ከእነዚህ መካከል ገሚሶቹ መረጃውን ጨርሶ የማይነኩ በመሆናቸው፣ የዓመት የምርምር ሥራ ወይም የቤተሰብ ፎቶግራፍ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ብልሽቱን ተከትሎ በጥድፊያ በሚወሰድ እርምጃ ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ የሚቀርበው ምርመራ አንድ ደንብ ይከተላል፤ ይኸውም መረጃው እስኪወጣ ድረስ በፍላሹ ላይ ምንም ነገር አለመጻፍ ነው።

የፍላሽ አሠራር በአጭሩ

የፍላሽ ልባስ ሲከፈት በትንሽ ሰሌዳ ላይ የተበየዱ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይታያሉ። አንደኛው መረጃውን የሚይዘው ቺፕ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ናንድ የተባለው የማስታወሻ ዓይነት በጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካና በቶሺባ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ለባለሙያዎች የቀረበ ነው። ይህ ቺፕ መረጃን የሚያስቀምጠው ኤሌክትሮኖችን እጅግ ደቃቅ በሆኑ ሕዋሳት ውስጥ በማገት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የያዘውን አይለቅም። ሁለተኛው ክፍል ኮንትሮለር ወይም መቆጣጠሪያ ይባላል፤ ሥራውም ከኮምፒውተሩ ጋር መነጋገር፣ የተበላሹ ሕዋሳትን ከአገልግሎት ማስወጣትና የሚጻፈውን መረጃ በሕዋሳቱ ላይ በእኩል ማዳረስ ነው። ከእነዚህ አካላት በላይ ፋይል ሲስተም የሚባል ሥርዓት ይኖራል፤ ይህም የትኛው ፋይል በየትኛው የቺፑ ክፍል እንደተቀመጠ የሚመዘግብ ሲሆን፣ ፋት 32፣ ኤክስፋትና ኤንቲኤፍኤስ የታወቁት ዓይነቶች ናቸው።

ከመሰኪያው መጀመር

ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ አለበት። በተለመደው የዩኤስቢ መሰኪያ ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ አራት የብረት ምላሶች ይታያሉ፤ በዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ሲሆኑ፣ መካከለኞቹ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። በደንብ ለተመለከታቸው የዳሮቹ ምላሶች ከመካከለኞቹ በጥቂቱ ይረዝማሉ፤ እንዲህ የተሠሩት ፍላሹ ሲሰካ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ እንዲደርስና የመረጃ ልውውጡ እንዲከተል ነው። የፍላሹ መብራት እየበራ ኮምፒውተሩ ግን ምንም ምልክት የማያሳይበት አንዱ ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል፤ ረጃጅሞቹ ምላሶች ተገናኝተው አጫጭሮቹ በአቧራ፣ በዝገት ወይም በመላላት ምክንያት ሳይገናኙ ሲቀሩ ኤሌክትሪክ አለ፣ ንግግር ግን የለም። መፍትሔውም ፍላሹን ነቅሎ ምላሶቹን አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ በደንብ ሲደርቅ መልሶ መሰካት ነው።

ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ቀዳዳ መለወጥ ያስፈልጋል። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር የፊት ለፊት ቀዳዳዎች ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚገናኙት በሽቦ በመሆኑ ሊላሉ ይችላሉ፤ የኋላዎቹ ግን በቀጥታ ሰሌዳው ላይ የተተከሉ ስለሆኑ ለፍተሻ ይመረጣሉ። ሀብ የሚባለው ማከፋፈያ በመካከል ካለም መነሳት አለበት። ከዚያም ፍላሹ በሌላ ኮምፒውተር ይሞከራል፤ በሌላው ላይ ከሠራ ጉድለቱ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ነው። ፍላሹ ሲነካካ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ብየዳው ተሰንጥቋል ማለት ስለሆነ፣ እያጣመሙ መሞከሩን ትቶ ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ መስጠት ይገባል። በተሰካ ቅጽበት እጅን የሚያቃጥል ፍላሽም ወዲያው መነቀል አለበት፤ በውስጡ የተገናኘ መሥመር ሊኖር ይችላልና።

ኮምፒውተሩ አውቆት ሳያሳየው ሲቀር

ፍላሹ ሲሰካ የተለመደው ድምፅ ተሰምቶ በማከማቻዎች ዝርዝር ውስጥ ግን ሳይታይ ሲቀር፣ በዊንዶውስ ላይ ዲስክ ማኔጅመንት የተባለውን መስኮት መክፈት የችግሩን ቦታ ያመለክታል። መስኮቱ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስ አንድ ላይ ሲጫኑ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ፍላሹ እዚያ ጤነኛ ተብሎ ከታየና የጎደለው መለያ ፊደል ብቻ ከሆነ፣ ፊደል በመስጠት ችግሩ ይፈታል፤ መረጃውም አይነካም። ሮው ተብሎ ከታየ ፋይል ሲስተሙ ተፋልሷል፤ ኖ ሚዲያ ከተባለ ደግሞ መቆጣጠሪያው በሕይወት ቢኖርም ከቺፑ ጋር መነጋገር አቅቶታል፤ ይህም በተለመዱት የመረጃ ማውጫ ሶፍትዌሮች የማይፈታ የአካል ብልሽት ነው። በዚህ መስኮት የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክም ስለሚዘረዘር፣ ማንኛውንም ትእዛዝ ከመስጠት በፊት የተመረጠው ፍላሹ መሆኑን በመጠኑ ማረጋገጥ የግድ ነው።

ከብልሽት የማይቆጠሩ ሁኔታዎችም አሉ። በኤንቲኤፍኤስ ወይም በኤክስፋት የተዘጋጀን ፍላሽ ብዙ የቆዩ የመኪና ቴፖችና ቴሌቪዥኖች አያነቡትም፤ በፋት 32 የተዘጋጀው ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ እያለውም 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፊልም አይቀበልም፤ ምክንያቱም የፋይል መጠን የሚመዘገብበት የፋት 32 ቁጥር ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም።

ፎልደሮች ወደ ሾርትከት ሲለወጡ

አንድ ፍላሽ በብዙ ኮምፒውተሮች በሚዘዋወርባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በኢንተርኔት ካፌዎችና በኮሌጅ ኮምፒውተር ክፍሎች፣ በብዛት የሚያጋጥመው የሾርትከት ቫይረስ ነው። የተያዘ ፍላሽ ሲከፈት በየፎልደሩ ምስል ግርጌ፣ በግራ በኩል፣ ጎበጥ ያለች ትንሽ ቀስት ትታያለች፤ የእያንዳንዱ መጠንም ከጥቂት ኪሎባይት አያልፍም፤ የፍላሹ አጠቃላይ መግለጫ ግን የተያዘውን ቦታ ልክ እንደቀድሞው ያሳያል። ይህ ልዩነት ዋናው የተስፋ ምልክት ነው፤ ቫይረሱ ፋይሎቹን አላጠፋም፤ ድብቅ የሥርዓት ፋይል የሚል ምልክት ለጥፎባቸው በቦታቸው የራሱን ማስጀመሪያ አኑሯል።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ በፍላሽ ላይ ያለ ፕሮግራም ገና ሲሰካ በራሱ እንዳይነሳ ስለከለከለ፣ እንዲህ ያለው ቫይረስ የሰው እጅ ይፈልጋል፤ ሾርትከቱን መክፈትም ቫይረሱን ማስነሳት ነው። ስለዚህ ምንም ሳይከፈት ፍላሹ ወቅታዊ ጸረ ቫይረስ ባለው ኮምፒውተር መፈተሽ፣ ከዚያም በፎልደር አማራጮች ውስጥ ድብቅ ፋይሎችን የሚያሳየው ምርጫ መብራት፣ የተጠበቁ የሥርዓት ፋይሎችን የሚደብቀው ደግሞ መጥፋት አለበት። ያን ጊዜ እውነተኞቹ ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፤ አንዳንዴም ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። ሰነዶቹ ተቀድተው ከወጡ በኋላ ፍላሹ ፎርማት ይደረጋል፤ ቫይረሱን ያስተላለፈው ኮምፒውተር ካልጸዳ ግን ችግሩ በማግስቱ ይመለሳል።

«ፎርማት ይደረግ» የሚለው መልእክት

ለመረጃ እጅግ አደገኛው ወቅት ኮምፒውተሩ ፍላሹን ለመጠቀም በቅድሚያ ፎርማት መደረግ እንዳለበት የሚገልጽ መልእክት የሚያወጣበት ነው። መልእክቱ ፍላሹ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ማውጫው የተቀደደበት መጽሐፍ ገጾቹ እንዳሉ እንደሚቆዩ ሁሉ፣ የፋይል ሲስተሙ መዝገብ ሲፋለስ ፋይሎቹ በቺፑ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ። ፈጣኑ ፎርማት በዋናነት አዲስ መዝገብ የሚተክል ቢሆንም፣ ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በጠቅላላው ማከማቻ ላይ ዜሮ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ነገር አይኖርም። ትክክለኛው መልስ መልእክቱን መሰረዝ ነው።

ቀጥሎ ነፃ የሆኑት ቴስትዲስክና ፎቶሬክ ያገለግላሉ። የመጀመሪያው የጠፋውን የክፍልፋይ መዝገብ ለመመለስ ይሞክራል፤ ሁለተኛው መዝገቡን ትቶ እያንዳንዱን ፋይል ከመነሻ ምልክቱ እየለየ ያወጣል። የፋይል ስም የሚቀመጠው በመዝገቡ ውስጥ ስለሆነ በፎቶሬክ የወጡ ፋይሎች በቁጥር ይሰየማሉ፤ ባለቤቱም አንድ በአንድ እየከፈተ መለየት ይኖርበታል። የወጣው መረጃ በሌላ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት፤ በዚያው ፍላሽ ላይ ከተጻፈ ገና ያልወጣውን ይደመስሳል። ቼክ ዲስክ የተባለው የዊንዶውስ ማስተካከያም የተፋለሱ መዝገቦችን እየቆረጠ ስለሚያስተካክል ከመረጃ ማውጣቱ በኋላ እንጂ በፊት መነካት የለበትም።

ያረጀና የተጭበረበረ ፍላሽ

በቺፑ ሕዋሳት ላይ መጻፍና መደምሰስ የሚቻለው ለተወሰነ ብዛት ብቻ ነው። አንዳንድ መቆጣጠሪያዎች ሕዋሳቱ መድከማቸውን ሲያውቁ መጻፍን ይከለክሉና ማንበብን ብቻ ይፈቅዳሉ። በጎኑ የመቆለፊያ ማንሸራተቻ የሌለው ፍላሽ በድንገት አልጽፍም ካለ፣ ይህን መረጃውን ለመቅዳት እንደተሰጠ የመጨረሻ ዕድል ቆጥሮ ወዲያው መገልበጥ ያሻል።

የተጭበረበረ ፍላሽ ደግሞ ትክክለኛ አቅሙ 8 ጊጋባይት ሆኖ 1 ቴራባይት ነኝ እንዲል መቆጣጠሪያው የተለወጠ ነው። አቅሙ እስኪሞላ በደንብ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የፋይሎቹ ስም ይታያል፣ ይዘታቸው ግን አይከፈትም። ኤች2ቴስትደብልዩ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይህን ያጋልጣል። 32 ጊጋባይት የተባለው 29.8 ብሎ መታየቱ ግን ማጭበርበር አይደለም፤ አምራቹ በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ የሚመጣ ልዩነት ነው።

ጥንቃቄ

ፍላሽን ሳያስወጡ መንቀል መዝገቡን በመጻፍ ላይ እያለ ሊያቋርጠው ስለሚችል፣ ዘወትር በኢጄክት ማስወጣት ይመከራል። በሕዋሳቱ የታገቱት ኤሌክትሮኖችም በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚሾልኩ፣ ፍላሽ መረጃን ከቦታ ቦታ ማጓጓዣ እንጂ ለዘለቄታው ማኖሪያ ሊሆን አይገባም። የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ብቻ የያዘ ተማሪ ዛሬውኑ ሁለተኛ ቅጂ በኮምፒውተሩ፣ ሦስተኛውን ደግሞ በኢሜይሉ ቢያስቀምጥ በዚህ ምዕራፍ ከተዘረዘሩት መፍትሔዎች አብዛኞቹን ሳይፈልጋቸው ሊኖር ይችላል።