የቀለህ ሁለተኛ ዕድሜ

ወደ አየር የሚወረወር የሸክላ ዒላማ ከሚተኮስበት ሜዳ የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞት የሚመጣው የትከሻ ሕመም ነው። ሚኒሶታ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ የነበሩት ጡረተኛ ግን አንድ ባልዲ ባዶ ቀለህ ተሸክመው ነው የሚመለሱት። ጎንበስ ብለው ከሣሩ ላይ ይለቅማሉ፤ አፉ የተሰነጠቀውንና በጫማ የተረገጠውን ይተዋሉ። አንድ ቅዳሜ ምድር ቤታቸው አስገቡኝና ለቀማው ለምን እንደሆነ አየሁ። ጠረጴዛው ላይ በብሎን የታሰረ፣ ባለ ረጅም እጀታ ማሽን ቆሟል። ሜክ ይባላል፤ ጎረቤት ግዛት ዊስኮንሲን ውስጥ ሜይቪል ከምትባል ከተማ የመጣ ነው። ሥራው ባዶውን ቀለህ መልሶ ጥይት ማድረግ ነው።

በሸክላ ተኩስ የሚያገለግለው የሾትገን ጥይት እንደ ክላሽ ጥይት አንድ አረር ብቻ የሚተፋ አይደለም። ቂጡ ላይ ሲመታ እሳት የሚረጭ ፕራይመር የሚባል ትንሽ ቆብ አለ። ከእሱ በላይ ባሩድ፣ ከባሩዱ በላይ ዋድ የሚሉት የፕላስቲክ ጽዋ፣ በጽዋው ውስጥ የእርሳስ እንክብሎች ይቀመጣሉ። በሸክላ ተኩስ የተለመደው 8 ቁጥር እንክብል ውፍረቱ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንዲት ኦንስ፣ ማለትም በ28 ግራም፣ ከ400 በላይ ፍሬ ይገባል። የቀለሁ አፍ እንደ ጃንጥላ ተሸብሽቦ ይታጠፋል። ሲተኮስ እጥፋቱ ይፈታል፤ ፕላስቲኩ ግን ጤነኛ ከሆነ ደጋግሞ ሊታጠፍ ይችላል። የሽማግሌው ሥራ የቆመውም በዚህ ላይ ነው።

የጠመንጃው ቧንቧ ስፋት የሚገለጽበት የጌጅ ቁጥር አዲስ ሰውን ግራ ያጋባል፤ 20 ጌጅ ከ12 ጌጅ ይጠባልና። ነገሩ የድሮ ሚዛን ነው። በቧንቧው ልክ የተድቦለቦሉ 12 የእርሳስ ኳሶች አንድ ፓውንድ ከሞሉ ጠመንጃው 12 ጌጅ ነው፤ ለመሙላት 20 ኳስ ካስፈለገ 20 ጌጅ ይሆናል። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀላቀል ሞት ነው። በስህተት 12 ጌጅ ውስጥ የገባች 20 ጌጅ ጥይት ተንሸራታ ቧንቧው ውስጥ ትቀረቀራለች፤ ከኋላዋ ሌላ ጥይት ከተተኮሰ ብረቱ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ የሚደረገውም ለዚሁ ነው።

ቀለህ ለእኛም እንግዳ ቃል አይደለም፤ የወጅግራ ጥይት በገበያችን እንደ ገንዘብ የተቀባበልንበት ዘመን ነበር። ቀለህ የመሙላቱ ሙያ ግን አገር ቤት የሚሞከር አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያውንም ጥይቱንም በፈቃድ ሥር አድርጓል። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ ለራሱ መተኮሻ የሚሞላ ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሞልቶ ልሽጥ ካለ ያስፈልገዋል።

ማሽኑ ራሱ ቀላል ነው። ቀለሁ ከማቆሚያ ወደ ማቆሚያ ይተላለፋል፤ በእያንዳንዱ ላይ እጀታው ይሳባል። አሮጌው ፕራይመር ተገፍቶ ይወጣል፣ የሰፋው የቀለሁ የናስ ቂጥ ወደ ልኩ ይጠባል፣ አዲስ ፕራይመር ይገባል፣ ባሩድ ይወርዳል፣ ዋድ ይጠቀጠቃል፣ እርሳሱ ይንሿሿል፣ አፉ መጀመሪያ ለአመል ያህል፣ ቀጥሎ አጥብቆ ይታጠፋል። ሦስት ቀለህ ሲሞላ የተመለከተ ሰው አራተኛውን ራሱ ሊሞላ ይችላል። እኔም ሞላሁ፤ አፉ ጠማማ ሆነብኝና እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ሽማግሌው ሳቁብኝ።

ባሩድ ላይ ሲደርሱ ግን አይሳቁም። እናቶቻችን ጨውን በእጃቸው ይመጥናሉ፣ በርበሬውን በዓይናቸው ይለካሉ፣ ወጡም አይበላሽም። እዚህ የዓይን ልክ የሚባል ነገር የለም። የባሩድ አምራቾች በሚያሳትሙት ሠንጠረዥ ላይ የቀለሁ ዓይነት፣ ፕራይመሩ፣ ዋዱ፣ ባሩዱና የእርሳሱ ክብደት አብረው ተጽፈዋል፤ አብረው ካልተገኙ ያ መስመር አይሠራም። ዋድ አለቀብኝና በሚመስለው ተካሁት ማለት አይቻልም፤ አንዱ ሲቀየር ግፊቱ ይቀየራልና። ለተለመደው 12 ጌጅ ጥይት የተፈቀደው የግፊት ጣሪያ በካሬ ኢንች 11,500 ፓውንድ ነው፤ ከመኪና ጎማ አየር ከ300 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከጉንጭ አንድ ስንዝር ርቆ ነው የሚፈነዳው። በእርሳስ ፋንታ ብረት እንክብል መጨመርም እንደዚያው ነው፤ ብረት የራሱ ዋድና የራሱ ሠንጠረዥ አለው።

ማሽኑ ባሩዱን የሚሰፍረው በይዘት እንጂ በክብደት አይደለም። ስለዚህ ሽማግሌው በየአሥረኛው ቀለህ የወረደውን ባሩድ ትንሿ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ከሠንጠረዡ ጋር ያስተያያሉ። ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ ስልክ አይነሳም። ቡናም የለም፤ የዚህ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እርሳስ በጣት ወደ አፍ ይሄዳል። ጨርሰው ሲወጡ እጃቸውን በሳሙና እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ።

ገንዘብ ያተርፋል ወይ? ባለ 25 ፓውንድ የእርሳስ ከረጢት 400 ባለ አንድ ኦንስ ጥይት ይወጣዋል፤ ግን በ12 ጌጅ ከሱቅ ጥይት ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ድካሙን እምብዛም አይክስም። ሱቅ ውስጥ ውድ በሆነው በ28 ጌጅ ላይ ትርፉ ይታያል። በእኔ ግምት ሽማግሌው ለትርፍ አይደክሙም፤ ያ ምድር ቤት ማንም የማይጠራቸው ቦታ ነው።

ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፦ አንድ ዓይነት ቀለህ፣ አንድ ዓይነት ባሩድ፣ አንድ የሠንጠረዥ መስመር፣ መጀመሪያም 25 ጥይት ብቻ፤ አንድ ዙር የሸክላ ተኩስ የሚጠይቀው ያንኑ ያህል ነው። በማግስቱ ሜዳ አብሬያቸው ወጣሁ። አሥራ አንደኛው ጥይት ላይ ድምፁ ቀጭን ሆኖ “ፑፍ” አለ። ሸክላው ሳይነካ አለፈ፤ ተረኛው ተኳሽ ጠመንጃውን ደግኗል። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ሁሉንም አስቆሙ፣ ጠመንጃቸውን ከፍተው ባዶ አደረጉትና ቧንቧውን ከኋላ በኩል ወደ ሰማይ አቅንተው አዩ። ብርሃን አልነበረም፤ ዋዱ መሐል ላይ ተሰክቷል። ባሩድ ሳይወርድበት የታጠፈ ቀለህ ነበር። የቀሩትን 14 ጥይቶች ከኪሳቸው አውጥተው ባልዲው ውስጥ ጨመሩና፣ “እነዚህን ማታ እፈታቸዋለሁ” አሉኝ።