በጠጠር ቁልቁለት ላይ የፍሬን አያያዝ

በሐጀር ተራሮች መካከል የምትገኘው ሐታ ከዱባይ ከተማ ብትርቅም የዱባይ ኢምሬት አካል ናት። ለተራራ ብስክሌት የተዘጋጁት መንገዶቿ እንደ አስቸጋሪነታቸው በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም ተለይተዋል። መሬቱ ድንጋያማና ደረቅ ጠጠር የበዛበት በመሆኑ፣ በዕረፍት ቀናቸው ወደዚያ የሚወጡ ጀማሪዎች ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይፈትናቸዋል።

ብዙ ጀማሪ የፊት ፍሬንን ይፈራል፤ «በአናቴ ይደፋኛል» በሚል ስጋት በኋላው ብቻ ይተማመናል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ የተመረጠው መፍትሔ ግን ለባሰ አደጋ ያጋልጣል። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሸጋገራል። ያን ጊዜ የኋላው ጎማ ስለሚቀል በቀላሉ መሽከርከሩን አቁሞ ይንሸራተታል፤ የፊተኛው በአንጻሩ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። ብስክሌቱን በአጭር ርቀት የማቆም አቅም ያለው እንግዲህ የሚፈራው ፍሬን ነው፤ ቁልቁለቱ በጨመረ ቁጥርም ልዩነቱ ይጎላል።

ነጂውን በአናቱ የሚደፋው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ሳይዘጋጅ እጀታውን በድንገት መጨበጡ ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ሁለቱን ፔዳሎች በእኩል ከፍታ አድርጎ መቆም፣ ተረከዝን ዝቅ፣ ጉልበትን አጠፍ፣ ወገብን ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ይገባል። የዲስክ ፍሬን ላለው ብስክሌት በየእጀታው አንድ ጣት ይበቃል፤ የቀሩት ጣቶች መሪውን ይይዛሉ። ኃይሉም ቀስ በቀስ ይጨመራል።

ጊዜውን መምረጥም ከአያያዙ አያንስም። ጎማ መሬትን የሚይዝበት አቅም ውሱን ነው፤ ይህንኑ አቅም ማቆሙም መታጠፉም ይሻሙበታል። በጠጠር ላይ ብስክሌቱ ተጋድሞ ሳለ የፊት ፍሬን ጠንከር ተደርጎ ከተያዘ ጎማው ከሥር ይሸሻል። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ በተቻለ መጠንም ጠንካራ መሬት ላይ ነው። ኩርባው ውስጥ እጀታው ለቀቅ ይደረጋል።

ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ይዞ መውረድም ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ዲስኩን ያግለዋል፣ የመያዝ ኃይሉንም ያዳክማል። አጠር ባለ ጊዜ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ ይሻላል።

ብስክሌት የሚከራይ ሰው ደግሞ ሳይነሣ አንድ ነገር ይመርምር፦ በአንዳንድ አገር የፊት ፍሬን እጀታ በግራ፣ በሌላው በቀኝ ይገጠማል። የትኛው እጅ የትኛውን ጎማ እንደሚይዝ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ ደጋግሞ ይሞክር።