በቤታችን ያለው ስንት ነው?

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ መድረክ ላይ ብዙም የማይሰማ፣ በየቤቱ ግን በየቀኑ የሚነሣ ነው። የአስቤዛ፣ የኪራይ፣ የትራንስፖርትና የልጆች ክፍያ ነገር ነው። በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ደመወዙ ዕቃውን መከተል ያቃተው ቤት ብዙ ነው። «ጌታ ያውቃል» እንላለን። አዎ፣ ያውቃል። እኛስ በቤታችን ያለውን እናውቃለን ወይ?

እስቲ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4ን ከቁጥር 1 እስከ 7 አንብቡ። የአንድ የነቢያት ወገን ሚስት ባሏ ሞተባት። ሰውየው እግዚአብሔርን የሚፈራ ነበር፤ ግን ዕዳ ትቶ ሄደ። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ኤልሳዕ ታዲያ ተአምሩን ከማምጣቱ በፊት በቤቷ ምን እንዳለ ጠየቃት። ከዚህ ታሪክ ለዛሬ ኑሯችን አራት ነገር እንውሰድ።

አንደኛ፣ ያለውን ቁጠሩ።

ሴትዮዋ ያላት አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ነበር፤ እሱኑ ተናገረች። እናንተም አንድ ደብተር ያዙና ለ30 ቀን ከእጃችሁ የወጣውን ሁሉ ጻፉ። የታክሲውን፣ የካርዱን፣ የሻይ የቡናውን፣ አንድም ሳታስቀሩ። አንድ ማኪያቶ 40 ብር ቢሆን፣ በቀን አንዱ ብቻ በ26 የሥራ ቀን 1,040 ብር ይሆናል። ማኪያቶ ኃጢአት ነው አላልንም። ግን ያ ብር ሲወጣ አይታችሁታል ወይ? ያልተጻፈ ወጪ አይታይም፤ ያልታየውንም መቀነስ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ በሩን ዝጉና ተነጋገሩ።

መበለቲቱ ከልጆቿ ጋር ገብታ በሩን ዘጋች። እናንተም የወር ደመወዝ ከመግባቱ በፊት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፉና ባልና ሚስት ቁጭ በሉ። ስንት ቤት ነው ሚስት የባሏን ደመወዝ የማታውቅበት? ስንት ቤት ነው ባል የማያውቀው እቁብና የሱቅ ዱቤ ያለበት? በአንድ አልጋ እየተኙ ዕዳ መደባበቅ ትዳርን ውስጥ ውስጡን ይበላል። ያለውን ሁሉ አውጡት። ስትነጋገሩም «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» መባባሉን ተዉትና «ምን እናድርግ?» በሉ። ልጆችም በዕድሜያቸው ልክ ይወቁ። ዕቃ እያቀበሉ የረዷት ልጆቿ ነበሩ እኮ!

ሦስተኛ፣ ዕዳውን አስቀድሙ።

ዘይቱ ከሞላ በኋላ ሴትዮዋ እንደፈለገች አላደረገችም፤ ሄዳ ለነቢዩ ነገረች። የተሰጣት መመሪያ ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈይ፣ በቀረው ኑሩ የሚል ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ኖረን ኖረን፣ ከተረፈ እንከፍላለን። መች ይተርፋል?

ዕዳችሁን ዘርዝሩ። የሱቁ ዱቤ፣ ከስልክ የተወሰደው ብድር፣ ከወንድም የተበደራችሁት፣ ሁሉም ይጻፍ። እቁብ ወጥቶላችሁ ገንዘቡን ካወጣችሁት፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የምትጥሉት ዕዳ ነው፤ እሱም ይጻፍ። ከትንሹ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ዝጉ። ቀኑ ደርሶ መክፈል ካልቻላችሁ ስልክ አትዝጉ፤ ሄዳችሁ ለአበዳሪው እውነቱን ንገሩትና ቀን ተቃጠሩ።

አንዳንዶቻችን ደግሞ «በእምነት ወሰድኩት» እንላለን። ወገኔ፣ የምትከፍልበት ሳይኖርህ ለሰርግ፣ ለበዓል ወይም ለአዲስ ስልክ መበደር እምነት አይደለም። አገራችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የምትለው ይህንኑ ነው። ምሳሌ 22፥7 ተበዳሪ ለአበዳሪው ባሪያ እንደሆነ ያስተምረናል። «ሰው ምን ይላል?» ብለን ለአንድ ቀን ድግስ የዓመት ነጻነታችንን አንሽጥ።

አራተኛ፣ በቀረው ኑሩ።

ለምሳሌ የባልና የሚስት ገቢ ተደምሮ በወር 14,000 ብር ነው እንበል። አሥራት 1,400፣ ኪራይ 4,500፣ ምግብ 4,200፣ ዕዳ 1,000፣ ትራንስፖርት 1,300፣ ትምህርት ቤት 700፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ 500፣ እድር 100፣ ለክፉ ቀን 300። ድምሩ 14,000 ይመጣል። የእናንተ ቁጥር ይለያል። ዋናው ብሩ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ብር ሥራው መታወቁ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥም የሚቀነስ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል፤ የመብራት ታሪፉም አጠቃቀም ሲጨምር በደረጃ ይጨምራል። ስለዚህ ምጣዱ አንዴ ከጋለ የብዙ ቀኑን እንጀራ አከታትሎ መጋገር ይሻላል። ባቄላና ሽንብራ አድሮ ከራሰ ቶሎ ይበስላል፤ ከሰል ይቆጥባል። ጤፍና በርበሬ በየሳምንቱ በኪሎ ከመግዛት፣ አዝመራ ሲገባ ከጎረቤት ጋር አዋጥቶ በብዛት ገዝቶ መከፋፈል ያዋጣል። ጌታ ኢየሱስ ሕዝቡን ከመገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ እንዲሰበሰብ አዝዟል (ዮሐንስ 6፥12)። ማብዛት የሚችለው ጌታ ብክነትን አልወደደም።

የማይነካም አለ። የሕፃናት ምግብና መድኃኒት አይነካ። የጤና መድን መዋጮም አይቋረጥ፤ ብዙ ቤት የሚፈርሰው ሕመም ሲገባ ነውና። የቤት ሠራተኛችሁን ደመወዝ ማዘግየት ደግሞ ቁጠባ አይባልም፤ ያዕቆብ 5፥4 የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይናገራል።

«ቆጠርን፣ ቀነስን፣ ግን አሁንም አይበቃም» የምትሉም አላችሁ። ይህ የእምነታችሁ ማነስ አይደለም፤ አትፈሩ። መበለቲቱ ዘይቱን የቀዳችው ከጎረቤት በለመነችው ባዶ ዕቃ ነው፤ ችግሯንም ለነቢዩ ጮኻ ነገረች። እናንተም ለኅብረት መሪያችሁ፣ ለዲያቆናት ንገሩ። እኛ ቤተ ክርስቲያንም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን እናስታውስ፤ በዚያ ለመበለቶች የሚታደለው ምግብ ሐዋርያት ሰው የመደቡለት ቁም ነገር ነበር። አጠገባችሁ በእሁድ ልብሱ ደምቆ ጾሙን ያደረ ወንድም ሊኖር ይችላል። ጠይቁት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ደብተሩን አውጡ፤ ከዚያም አብራችሁ ጸልዩ።

«ጌታ ሆይ፣ የሰጠኸንን ስላልቆጠርን ይቅር በለን። እርስ በርሳችን የደበቅነውን እንድናወጣ ድፍረት ስጠን። ካበደሩን ጋር በእውነት አስታርቀን። ባለን እንድንረካ፣ ከጎደለበትም ጋር እንድንካፈል እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።»