የሚሽከረከረው ሬዲዮ

በደቡብ ምዕራብ ስዊድን፣ ከቫርበርግ ከተማ ወጣ ብሎ ግሪሜተን በሚባል ስፍራ፣ ስድስት የብረት ማማዎች በእርሻ ማሳ መካከል በአንድ መስመር ቆመዋል። የእያንዳንዳቸው ቁመት 127 ሜትር ነው፤ አናታቸው ላይ 46 ሜትር የሚሰፋ ክንድ ግራና ቀኝ ዘርግተዋል። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ያለው ርቀት ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ ሁሉ አንድ አንቴና ነው። እንዲህም ሆኖ ያጥረዋል፤ የሚለቀው ሞገድ ርዝመት ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስዊድን ገለልተኛ ነበረች። ገለልተኛነቷ ግን ቴሌግራሟን አላዳነላትም። የባሕር ሥር ኬብሎቹ በሌሎች እጅ ስለነበሩ፣ ተፋላሚዎቹ ሲቆርጧቸውና ሲቆጣጠሯቸው ዳር ሆና ከማየት በቀር አማራጭ አልነበራትም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስዊድናዊ ደግሞ ቀደም ብሎ ወደ አሜሪካ ተሰዷል፤ ወሬ የሚጠብቅ ዘመድ በሁለቱም ማዶ አለ። ስለዚህ ማንም የማይቆርጠው መንገድ ተፈለገ፤ እሱም ሬዲዮ ነበር። ጣቢያው በ1924 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራ ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ንጉሥ ጉስታቭ 5ኛ መርቀው ሲከፍቱት ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ቴሌግራም ላኩበት። ሞገዱን የሚያመነጨውን ማሽን የፈለሰፈው ኧርንስት አሌክሳንደርሰንም ከኡፕሳላ ተነሥቶ አሜሪካ የገባ፣ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር።

የእኔን ቀልብ የሚስበው የጣቢያው ቤት ውስጥ ያለው ማሽን ነው። የቫኪዩም አምፖልም ሆነ ትራንዚስተር ሳያስፈልግ፣ የሬዲዮ ሞገዱ የሚወጣው ከሚሽከረከር ብረት ነው።

1.6 ሜትር ስፋት ያለው የብረት ዲስክ አለ። ዳርዳሩን 488 ጠባብ ክፍተቶች ተቀርጸውበታል፤ ሲዞር አየር እንዳይቧጥጠው ክፍተቶቹ መግነጢስ በማይስበው ነገር ተደፍነዋል። ዲስኩ በግራና በቀኙ ከተቀመጡት ጥምጥም ሽቦዎች የሚርቀው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሲዞር ብረቱና ክፍተቱ በሽቦዎቹ ፊት ይፈራረቃሉ፤ መግነጢሱ ጠንከር፣ ላላ ይላል፤ በየፍርርቁም ሽቦው ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ዑደት ይፈጠራል። ዲስኩ በደቂቃ 2,115 ጊዜ ያህል ይዞራል። 488ን በዚህ አባዝቶ ለ60 ማካፈል ነው፤ በሴኮንድ 17,200 ዑደት ይሆናል። መብራት ኃይል ወደ ቤታችን የሚልከው 50 ዑደት ነው። ማሽኑ ያው ጄኔሬተር ነው ማለት ነው፤ ፍጥነቱና ጥርሱ ብቻ በዛ። በዚህ ፍጥነት የዲስኩ ጠርዝ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የእህል ወፍጮ ባዶውን ሲሄድ ይጮኻል፣ እህል ሲገባበት ድምፁ ይወፍራል፤ ጫናው ያዘገየዋልና። እዚህም ኦፕሬተሩ የሞርስ ቁልፉን በነካ ቁጥር ጫና ይመጣል፣ ባነሣ ቁጥር ይሄዳል። ዲስኩ ትንሽ ቢዘገይ ደግሞ ሞገዱ ከቦታው ይንሸራተታል፤ አሜሪካ ላይ ጆሮውን የደቀነው ሰው ምንም አይሰማም። ስለዚህ ዲስኩን የሚያዞረውን ሞተር ጉልበት ከቁልፉ ጋር እያስማማ ፍጥነቱን አንድ ቦታ የሚይዝ መቆጣጠሪያ ተሠራለት። ከዲስኩ ይልቅ የሚደንቀኝ ይኸኛው ነው።

ዘመኑ ግን ፈጠነ። በቫኪዩም አምፖል የሚሠሩ የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች መጡና ያንኑ ሥራ በትንሽ ኃይልና በትንሽ አንቴና ሠሩት። በሌላው ዓለም የነበሩት የዚህ ዓይነት ማሽኖች ፈራረሱ ወይም ቆሙ። ግሪሜተንን ያተረፈው ያው ኋላ ቀር የተባለው ረጅም ሞገዱ ነው፦ አጭሩ ሞገድ የማይዘልቀው የባሕር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የስዊድን ባሕር ኃይል ውሃ ሥር ላሉት ሰርጓጅ መርከቦቹ መልእክት ይልክበት ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ጣቢያውን ላሊበላ በሰፈረበት የዓለም ቅርስ መዝገብ አሰፈረው።

ዛሬ ማሽኑ በዓመት ለጥቂት ቀናት ይነሣል፤ በፈረንጆች ሐምሌ መባቻ አካባቢ ባለ እሑድና በፈረንጆች ገና ዋዜማ ጠዋት። በሞርስ ኤስ ኤ ኪው እያለ ስሙን ይጠራል፣ አጭር ሰላምታ ይልካል። ድግግሞሹ እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመስማት የግድ ሬዲዮ መግዛት አያስፈልግም፦ ሽቦ ብዙ ዙር ጠምጥሞ በኮምፒዩተር የማይክ ቀዳዳ መሰካት፣ አንድ ነጻ ፕሮግራም መክፈት ይበቃል። ከአትላንቲክ ማዶ ሳይቀር ሰማንህ የሚል መልስ ይደርሰዋል።